የሐሙሱ ቁልፍ

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንጦጦ ከባሕር ዛፎቹ ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛ ፊት አንዲት ወጣት አንድ ሰማያዊ ወረቀት የዱቄት ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነከረች። ሰማያዊው ገረጣ፣ ቢጫ መሰለ፣ ከዚያ ጠፋ። ወረቀቱ ላይ የነበረው የፈርን ቅጠልም አብሮ ጠፋ። ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ ሌላ ሳሕን ውስጥ ጨመረችው። በሳሕኑ ውስጥ የነበረው የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቅጠሉ ተመልሶ መጣ፤ ሰማያዊ ሳይሆን ቡናማ ሆኖ።

የሄድኩት ለሥራ ነበር፤ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ ስለሚያትሙ ወጣቶች አጭር ዘገባ ለመጻፍ። ልጅቷን ሳሙናው ሥዕሉን አላጠፋውም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰማያዊውን ብቻ ነው የሚያጠፋው» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ብረቱ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ሻዩ ያንን ይይዘዋል። ያው ኬሚስትሪ ነው፣ ማጂክ ምናምን አይደለም።»

ሰዓቱን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው። የእርጥብ ወረቀትና የቀዘቀዘ ሻይ ሽታ አውቀዋለሁ። በአሥር ዓመቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከቤታችን ጀርባ ካለችው ሰርቪስ ክፍል በር ላይ ቆሜ አሽትቼዋለሁ። አሽትቼም ለእናቴ ነግሬያታለሁ።

ጋሽ ቶሎሳ ያቺን ክፍል የተከራዩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ፕላን ያባዙ ነበር፤ መሐንዲሶቹ በስስ ወረቀት ላይ የሣሉትን ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ኮፒ አድርገው ማውጣት ሥራቸው ነበር። ሲገቡ ያመጡት አንድ አልጋ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ አራት የመስኮት መስታወቶችና አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ ነው። ቱቦውን ማንም እንዲሸከምላቸው አልፈቀዱም። ራሳቸው ይዘው ገብተው አልጋው ሥር ገፉት።

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ታይ ነበር። «ድስት የሌለው ሰው» አለች፣ «መስታወት ምን ያደርግለታል?»

እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባቴ በሰሜን መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በወር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። ስለዚህ ግቢውን የምትጠብቀው እሷ ናት፣ ጥርጣሬም ከጥበቃው አንዱ ክፍል ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ሁለት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክመው ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ዳገት ወጡ። በመሣሪያው እያዩ ድንጋዮች ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። እኛ ልጆች በመሣሪያው ያየ ሰው ግድግዳ አልፎ ቤት ውስጥ ያለውን ያያል ብለን ስላመንን ወደ እኛ ሲዞር ጎንበስ እንል ነበር። ትልልቆቹ የፈሩት ሌላ ነገር ነው። ዳገት የተለካበት ሰፈር በኋላ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ መጀመሪያ ቁጥር ይመጣል፣ ቀጥሎ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ዶዘር። ከልኬተኞቹ አንዱ በበራችን ሲያልፍ ጋሽ ቶሎሳን አይቶ ቆቡን አነሣና በስማቸው ጠርቶ ሰላም አላቸው። ይህንን ያዩት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ማታውኑ እናቴ ሰማች።

በማግስቱ እናቴ ጠራችኝ።

«ሰብሊ፣ ቅጠል ልልቀምልዎት በይና ግቢ። ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። አንድም ነገር እንዳትጨምሪ፣ አንድም እንዳትቀንሺ።»

ገባሁ። ጋሽ ቶሎሳ ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ጫካ ጠርዝ ወጥተው ቅጠል ይዘው ይመለሱ ነበር፤ ጥድ፣ ቀጋ፣ አስታ፣ ፈርን። ከዚያ መስኮታቸውን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ በአንዲት ደካማ አምፖል ብርሃን ሁለት ጠርሙስ ይከፍታሉ። በአንዱ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነው፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ። በሌላኛው ያለው ቀይ ነው፣ የተሰበረ የመኪና የኋላ መብራት ይመስላል። ሁለቱን በውሃ አሟሙተው ሲያገናኟቸው ቢጫ ይሆናል። ያንን በሰፊ ብሩሽ ወረቀት ላይ ቀብተው በጨለማ ያደርቁታል። የደረቀውን ወረቀት ጣውላ ላይ፣ ቅጠሉን ወረቀቱ ላይ፣ መስታወቱን በቅጠሉ ላይ አድርገው የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል። ቢጫው ወደ ግራጫ ሲዞር ሳፋ ውስጥ ያጥቡታል። ያኔ ነው ሰማያዊው የሚወጣው፤ ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የቅጠሉን ስም ከሥር በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ከከተማው ዳር ካራ በሚባለው አገራቸው ሲያድጉ የሚያውቁትን የኦሮምኛውን ስም ራሳቸው፣ የአማርኛውን ደግሞ እኔን እያስጠሩ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት እግሯ የስፌት መኪናውን መርገጫ ከመርገጥ አያቋርጥም። ስለ ቅጠሎቹ ብነግራት መርገጡ ይቀጥላል። ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች ስነግራት ቆመ። ብርድ ልብሱን ስነግራት ቆመ። መርገጫው ሲቆም የተናገርኩት ነገር ዜና መሆኑን በዚያ ወር ተማርኩ፤ የማያስቆመውን መናገር ቀስ በቀስ ተውኩ።

አንድ ቀን ብዙ ሻይ ሲያፈሉ አየሁ፤ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ስኳር የሌለው። አልጠጡትም። መሬት ላይ ባለ ትሪ ውስጥ ገልብጠው እንዲቀዘቅዝ ተዉትና በሩን ዘጉ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች ትሪው መሬት ላይ ሲሆን በሩ አይከፈትም ነበር፤ ያኔ ግን ይህንን አላሰብኩም። በር ላይ ቆሜ አሸተትኩና ሄጄ ተናገርኩ።

መርገጫው ቆመ። «የማይጠጣውን ሻይ ለማን ነው የሚያቀዘቅዘው?» አለች እናቴ። እኔ ለልኬተኞቹ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሣር እያተሙ ሳለ የአማርኛ ስሙን ጠየቁኝ። ማገጥ ነው አልኳቸው። እሳቸው ሲዲሳ ብለው ጻፉና ይህ ሣር ካራ በአባታቸው ማሳ ዳር በብዛት ይበቅል እንደነበር ነገሩኝ። ማሳው አሁን የለም፤ መንገድና ሕንፃ ወስዶታል።

«የዚያን ማሳ ፕላን ያባዛሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ እርሳሱን ሳያስቀምጡ። «አባቴ መጥቶ እስኪነግረኝ ድረስ የማን መሬት እንደሆነ አላወቅኩም። ፕላን ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም።»

ማታ ቃል በቃል ደገምኩት። እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ለገዛ አባቱ ካልራራ» አለች፣ «ለእኛ ምን ሊሆን ነው?» ይህ አባባል በሁለት ቀን ውስጥ የቧንቧውን ወረፋ ዞሮ ተመልሶ እኔ ጆሮ ደረሰ።

አሁን ስለ ዳንቴሉ መጻፍ አለብኝ። ጋሽ ቶሎሳ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ቀዳዳ ያለው ማንኛውም ነገር ያምራል ብለውኝ ነበር። እትዬ አስካለ አጥር ላይ ካሰጡት ልብስ መሃል ትልቁን ክብ ዳንቴላቸውን አወረድኩ፤ መሃሉ ላይ ባለ ብዙ ቅጠል አበባ አለው፣ ከአበባው ዙሪያውን የሚወጡ ስምንት ቀጫጭን መስመሮችም አሉት። ጋሽ ቶሎሳ ከማን እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ የእማዬ ነው አልኩ። አተሙት። ዳንቴሉን ፍራሼ ሥር ደበቅኩት፤ ሥዕሉ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ገመድ ላይ ደረቀ።

እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ አዩት። ቀስ ብለው በበሩ ገቡ፣ እናቴንም በምልክት ጠሯት። ሰማያዊ ወረቀት፣ ነጭ መስመር። መኖሪያ ቤቱ ፈርሶበት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፕላን መልክ ነው።

«ይሄ አደባባዩ ነው» አሉ ጣታቸውን መሃሉ ላይ አድርገው። «እነዚህ የሚወጡት መንገዶች ናቸው። ቁጠሪ፣ ስምንት ናቸው። አልማዝ፣ ይሄኛው የሚያልፈው ኩሽናዬን ይዞ ነው፤ ይሄ ደግሞ በእናንተ መኝታ ቤት።»

እናቴ አልተከራከረቻቸውም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የእትዬ አስካለ ጣት በገዛ ዳንቴላቸው ላይ ከመንገድ ወደ መንገድ ሲሄድ እያየሁ ምንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ዳንቴሉ የት እንዳለ መናገር ነበረብኝ። በማግስቱ ማንም ሳያየኝ አጥሩ ላይ መለስኩት። እትዬ አስካለ ሬዲዮናቸው ላይ አነጠፉት።

ጋሽ ቶሎሳን አንድ የእድር ሰው በመንገድ አስቁሞ ምን እንደሚያትሙ ጠየቃቸው። ቅጠል ነው አሉት። ሰውየው ለሌሎች ሲያወራ ይስቅ ነበር። በጡረታው ቅጠል የሚያትም ማን አለ?

ወሬው አባቴ ጋ የደረሰው ከመንገድ በተመለሰ ዕለት ነው። ሳያቅማማ ወሰነ። ቤቱ ፕላን ውስጥ ገብቶ ዋጋ ከማጣቱ በፊት ይሸጥና ኪራይ እንገባለን፣ በሽያጩ የመኪና ድርሻ ይገዛል። እናቴ በኪራይ ቤት ያደገች ሰው ናት፤ በልጅነቷ ስንት ጊዜ ዕቃ ጠቅልለው እንደወጡ ስትቆጥር ሰምቻታለሁ። ሲነጋገሩ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። የት ልንገባ ነው ስትለው ሰማሁ፣ እሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደላላ ይዤ እመጣለሁና ካርታውን አዘጋጂ ሲላት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የእሷን ድምፅ አልሰማሁም። ካርታው የቤቱ ይዞታ ማረጋገጫ ነው። ያለ እሱ ቤት አይሸጥም።

ካርታው የሚቀመጠው አልጋው ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር። የሣጥኑ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ የሚቀመጠውም መኝታ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ። ጥርሱ የተጠማዘዘ፣ ራሱ እንደ ሦስት ቅጠል የሆነ አሮጌ ቁልፍ ነው። ያንን ማተም አማረኝና ለጋሽ ቶሎሳ ወሰድኩላቸው።

አልነኩትም። «ቁልፍ አይታተምም» አሉ። «ልኩን ጠብቆ ስለሚወጣ ሰው በኋላ ሊያስቀርጽበት ነው ይለኛል። የነበረበት ቦታ መልሺው።» መለስኩት። ግን ከመውጣቴ በፊት ከጥቁር ፌስታላቸው ውስጥ አንድ የተቀባ ወረቀት ሰረቅኩ።

ረቡዕ ዕለት ከሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አረፉ፣ ቀብሩም ሐሙስ በየካ ሚካኤል ሆነ። ረቡዕ ማታ እናቴ ለቀብሩ የሚሆን ነጠላ ከሣጥኑ ስታወጣ እትዬ አስካለ አጠገቧ ነበሩ፤ የካርታውን ፖስታ ሁለቱም አይተዋል።

ሐሙስ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል የሰረቅኩትን ወረቀት መስኮቱ ደፍ ላይ በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ አደረግኩ፣ ቁልፉንም በላዩ አስቀምጬ መጋረጃውን ጋረድኩ። መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግንብ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ አያገኘውም። ይህ ሥዕሉን እንደሚያዘገየው አላወቅኩም ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ቁልፉ ደፉ ላይ ነበር። ወረቀቱን ሳነሣ ግን በላዩ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ቁልፍ አየሁ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ዘንበል ብሎ። ያበላሸሁት መሰለኝ። ፌስታል ውስጥ ከትቼ ደብተሮቼ መሃል ደበቅኩት።

ቅዳሜ አባቴና ደላላው ሳሎን ተቀመጡ። እናቴ ሣጥኑን ከፈተች። ፖስታው አለ፣ ካርታው የለም።

የሣጥኑ መቆለፊያ አልተሰበረም። ረቡዕ ማታ ካርታው ነበር፣ አርብ እናቴ ከቤት አልወጣችም። የቀረው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ላይ በነበረበት ሰዓት። እናቴ ከቤት የወጣችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጋሽ ቶሎሳ የሚያጥቡት ወረቀት ስለነበራቸው ቀርተው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የተነሡት፤ ዘግይተው መድረሳቸውን ብዙ ሰው አይቷል። ስማቸውን መጀመሪያ የጠራችው እናቴ አይደለችም። እትዬ አስካለ ናቸው። እናቴ ቀጥላ ሁለቱን ጠርሙስ፣ ብርድ ልብሱን፣ ሻዩን፣ የአባታቸውን ማሳ ተናገረች። ከእኔ የሰማችውን አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ።

አባቴ ፖሊስ ልጥራ አለ። ሽማግሌዎች መሃል ገብተው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በግቢያችን እንዲታይ አስወሰኑ።

እሑድ ማለዳ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ፌስታሉን ይዤ ጋሽ ቶሎሳ ክፍል ገባሁ። ልብሳቸውን ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፣ መስረቄንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሳፋው ውስጥ ነከሩት፤ ሁለቱ ቁልፎች ከሰማያዊው መሃል ወጡ። አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ጠቆር ያለ።

«ስንት ሰዓት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ለሁለት ሩብ ጉዳይ።»

«ያነሣሽውስ?»

«ስድስት ተኩል።»

«በመሃል ነክተሽዋል?»

«ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

«ቁልፉ ስትመለሺ እንዳስቀመጥሽው ነበር?»

አሰብኩ። «ዘንበል ብሎ ነበር» አልኩ።

ከዚያ ያደረጉትን ያኔ ግማሹን ብቻ ነው የተረዳሁት። የእሳቸውም መስኮት የሚያየው ያንኑ ግንብ ነው። አንድ ረጅም የተቀባ ወረቀት መስኮቱ ላይ አድርገው በካርቶን ሸፈኑት። ልክ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ካርቶኑን አንድ ጣት ያህል ሳቡት። በየግማሽ ሰዓቱ እንደዚያው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አጠቡት። አሥር ደረጃ ያለው ሰማያዊ መሰላል ሆነ፣ ከጥቁር ሰማያዊ እስከ ነጭ የቀረበ። የእኔን ወረቀት አጠገቡ አስጠግተው በማጉያ መስታወት ቆዩበት።

ነጣ ያለው ቁልፍ መጀመሪያ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ብርሃን ያገኘው ለሦስት ደረጃ ብቻ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጠቆር ያለው ሁለተኛው ቦታ ነው፤ ቁልፉ ሳያርፍበት በፊት ስድስት ደረጃ ተኩል ያህል በርቶበታል። ከፊት ቢቆጠርም ከኋላ ቢቆጠርም ቁልፉ የተነሣው አምስት ሰዓት ገደማ ላይ ነው። በሦስት ሰዓት ተነሥቶ ቢሆን ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆን ነበር።

«አምስት ሰዓት ላይ» አልኩ፣ «እርስዎ የት ነበሩ?»

«የካ ሚካኤል። የእድሩ ጸሐፊ ስም ሲጠራ ከኋላው ቆሜ ነበር።»

በእድራችን ደንብ ቀብር ላይ የእያንዳንዱ አባል ስም ይጠራል፣ የሌለው ቀሪ ይባላል። አባቴ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ የቤታችን አባልነት በእናቴ በአልማዝ ስም ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ማጉያውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የስም ጥሪውን እያስታወሱ እንደነበር አሁን እገምታለሁ። ያኔ የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

«አባትሽ ቤቱን ሊሸጠው ነበር?»

«አዎ። ሊፈርስ ነው ብሎ።»

«እናትሽስ?»

ምንም አላለችም አልኳቸው። እውነት ነበር።

ተነሡ። የዱቄት ሳሙና ሳፋው ውስጥ በጠበጡና የቁልፎቹን ወረቀት ጨመሩበት። ሰማያዊው ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ሁለቱም ቁልፎች ጠፉ።

«ለምን ያጠፉታል?» አልኳቸው።

«የሚያሳየው ሰዓት ነው፣ ሰው አያሳይም» አሉ። «ሰዓቱን የያዘ ግን ሰውየውን መፈለጉ አይቀርም።»

አለቅልቀው፣ በፎጣ አድርቀው ባዶውን ወረቀት መለሱልኝ። «ያንቺ ነው። ደብተርሽ ውስጥ አድርጊው።» መሰላሉን ቀደዱት። ምድጃው ላይ ሻይ ነበር። አዩት፣ አልነኩትም። እኔ ከክፍሉ የወጣሁት ካርታውን የወሰዱት እሳቸው መሆናቸውን አምኜ ነው። ንጹሕ ሰው ማስረጃ ያጠፋል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ ወይ? አዎ። ቁልፉን አይተውታል ወይ? አዎ። የማይጠጡት ሻይ ያፈላሉ ወይ? አዎ። ሁሉም እውነት ነበር። ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ የለም።

«ቶሎሳ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ንጹሕ ከሆንክ ማስረጃህን አምጣና ይብቃ።»

«አልወሰድኩም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ማስረጃ ግን የለኝም።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። አባቴ እንግዲያው ክፍሉ ይፈተሽ፣ አልጋው ሥር ያለው ቱቦም ይከፈት አለ። ጋሽ ቶሎሳ ወደ ክፍላቸው ዞረው ተመለከቱ። ክፍሉን እለቃለሁ አሉ። ማክሰኞ ጠዋት አራቱ መስታወቶች እንደገና በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተጫኑ። ቱቦውን ራሳቸው ያዙት።

በቱቦው ውስጥ ምን እንደነበር አላውቅም። የመሥሪያ ቤታቸው የፕላን ወረቀት ከሆነ ፍተሻን የሚፈሩበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው ማለት ነው። ለእናቴ ብለው ይሁን ለቱቦው ብለው ማረጋገጥ አልቻልኩም። ካራ ሄጄ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቃቸው ሰው አላገኘሁም።

ያረጋገጥኩት የሚከተለውን ነው። በዳገቱ ላይ የተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፣ ከሰፈራችን አንድም ቤት አልፈረሰም። ቤታችን አልተሸጠም። አባቴ ካረፈ በኋላ ለውርስ ጉዳይ ካርታውን እናቴ ከዚያው ሣጥን አውጥታ ሰጥታኛለች፤ ዋናው ነው፣ አራት ቦታ ተጣጥፎ የቆየበት ምልክት አለው፣ ምትክ የሚል ማኅተም የለበትም። የት እንደነበር አልጠየቅኩም።

ከእንጦጦ በተመለስኩ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ አሮጌውን ደብተር ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ኩሽናዋ ውስጥ ሻይ አፈላሁ።

«አጠቆርሽው» አለች። «ማን ሊጠጣው ነው?»

ትሪ ላይ ገልብጬ አቀዘቀዝኩት፣ ባዶውንም ወረቀት ነከርኩ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ቆመች። መጀመሪያ ሙሉው ወረቀት ደበዘዘ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠቆረ። ነጣ ያለው ቁልፍ ቀድሞ ታየ። ዘንበል ያለው ተከተለው። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ያ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር» አለች።

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ቧንቧው ወጣች።

ሰኞ ከሥራ በፊት የእድሩ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የቀድሞው ጸሐፊ ልጅ አሮጌዎቹን መዝገቦች ከብረት ቁም ሣጥኑ አወጣልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። የዚያ ሐሙስ ገጽ አልተቀደደም። ከላይ የሟቹ ስም፣ ከሥሩ «ስም ጥሪ፣ አምስት ሰዓት» ይላል። ከቶሎሳ ስም ትይዩ የራይት ምልክት አለ። ከአልማዝ ስም ትይዩ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል።